የሻጭ ዝምታ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ከገበያ የተገኘ እንጂ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይደለም። ጥያቄውም ይህ ነው። አንድ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ሲሸጥ፣ ገዢው ያላየውንና ያልጠየቀውን ጉድለት አፉን ከፍቶ የመናገር ግዴታ አለበትን? ወይስ «ዓይን አለው፤ ይይ፤ ምላስ አለው፤ ይጠይቅ» ብሎ ዝም ቢል ከበደል ንጹሕ ነው? ነገሩ ቀላል ይመስላል። ለእኔም ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ አንዲት አሮጌ ጀልባ እስክገዛ ድረስ።

በጎጃም ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ጀልባ ገዛ ሲባል እንደሚያስቅ ዐውቃለሁ። ደብረ ማርቆስ፣ የጥንቷ መንቆረር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በእኛ ዘንድ ውሃ ማለት ወንዝ ነው፤ ወንዝም የሚሻገሩት እንጂ የሚንሳፈፉበት አይደለም። ዓባይ እንኳ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮት ሲሄድ ከጥልቅ ገደል በታች ስለ ሆነ፣ የደጋው ሰው የሚያውቀው በሙቀቱና በንዳዱ ነው። እኔ ጣናን ያየሁት ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ፣ በመምህርነት ሥራ ላይ ሳለሁ ለስብሰባ ወደ ባሕር ዳር በተላክሁ ጊዜ ነው። ዳርቻው ላይ ቆሜ ማዶውን ባየው ባየው አጣሁት። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ውሃ ፊት ለፊቱ የተዘረጋበት ደገኛ ምን እንደሚሰማው ለመናገር ያስቸግራል። እኔ ግን አንድ ቀን በዚህ ላይ የራሴን ጀልባ ይዤ እሄዳለሁ ብዬ አሰብሁ። ምኞቱም ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖረ።

በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ወጥቼ፣ ባሕር ዳር ያገባችው ልጄ ዘንድ ስመላለስ፣ ጀልባ ማፈላለግ ጀመርሁ። መንገዱ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ ጎረቤቶቼ «ይህ ሁሉ ድካም ለእንጨት ገንዳ ነውን?» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። አዲስ ለማሠራት ዐቅም አልነበረኝም፤ የሞተር ጀልባማ ዋጋውን መጠየቅም አልደፈርሁም። በመጨረሻ አንድ ሰው ዘንድ የምትሸጥ የእንጨት ጀልባ እንዳለች ተነገረኝ። አራት ሰው የምትይዝ፣ ሁለት መቅዘፊያ ያላት፣ መካከሏም ላይ ሸራ የሚሰቀልበት አጭር ምሰሶ የተተከለባት ነበረች። ሸራው ከአሮጌ ድንኳን የተሰፋ ነው። ጎኗ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ሆዷም አዲስ ቅጥራን ተለቅልቋል። ያን ጊዜ ቅጥራኑ አዲስ መሆኑን እንደ ደግ ነገር ቈጠርሁት። በ9,000 ብር ተስማማን።

ሻጩ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ጀልባዋን ወደ ውሃው በገፋናት ጊዜ በጣውሎቹ መካከል ውሃ ይሰርግ ጀመር። «ታፈሳለች እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። እሱም ፈገግ ብሎ፣ «መምህር፣ እርስዎ ደገኛ ስለ ሆኑ ነው። ደረቅ እንጨት መጀመሪያ ውሃ ይጠጣል፤ ጠጥቶ ሲያብጥ ራሱን ይዘጋል። ነገ ጧት ይምጡና ይዩዋት» አለኝ። በማግሥቱ ሄጄ አየኋት፤ እውነትም ውሃው ቆሟል። ሰውየው የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር። በየብስ የከረመ የእንጨት ጀልባ ሁሉ ውሃ ሲነካ መጀመሪያ እንዲሁ ያፈሳል፤ ጣውላው ሲያብጥ ደግሞ ይገጥማል። አንባቢ ሆይ፣ ይህንን ልብ አድርግልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ወር ያህል በዳር በዳሩ ስቀዝፍ ቆየሁ። በኅዳር ወር አንድ ቀን የስምንት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ወጣሁ። ጣና ጧት ጸጥ ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣበታል። የውሃው ሰዎች ይህንን ዐውቀው በጊዜ ይመለሳሉ፤ እኔ ግን ሸራዬን ልሞክርበት ብዬ ያንኑ ነፋስ ስጠብቅ ነበር። ሸራው ተነፋ፤ ጀልባዋም ዘንበል ብላ መሮጥ ጀመረች። እንዴት ያለ ደስታ እንደ ነበረ አልደብቅም። ጥቂት እንደ ሄድን ግን ምሰሶው ከሥሩ ተንቋቋ። ከታች ያለው ጣውላ በስብሶ ኖሮ የምሰሶው እግር ሰንጥቆት ወጣ፤ ውሃውም ከእግሬ ሥር እንደ ምንጭ ፈለቀ። ልጁ፣ «አባባ፣ ጫማዬ ራሰ» አለኝ። ፈርቶ አልነበረም፤ የሆነውን ነገር መንገሩ ነበር እንጂ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይህ ቃል አንዳንድ ሌሊት ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል።

ሸራውን ጥዬ፣ እሱ በጣሳ እየቀዳ፣ እኔ እየቀዘፍሁ ስንታገል፣ ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚሄዱ ሁለት ታንኳዎች ደረሱልን። ልጁን ከእንጨቱ ክምር ላይ አስቀመጡት፤ ጀልባዋንም በገመድ አስረው እየጎተቱ ዳር አወጡን። ዋጋ ልስጣችሁ ብላቸው ተቈጡኝ።

ስለ ታንኳ ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም። ታንኳ የሚሠራው በጣና ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው፤ በሥራውም በተለይ ነገደ ወይጦ የታወቁ ናቸው። ደንገሉ ተቈርጦ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹም ተጣምረው እንደ ጀልባ ይቀናሉ። ዕድሜዋ አጭር ነው። ውሃ እየጠጣች በከበደች ቍጥር ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ ባለቤቷ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆማታል፤ ጥቂት ወራት ካገለገለች በኋላም ሌላ ይሠራል። ይሁን እንጂ ታንኳ እርጅናዋን አትሸሽግም። ጠቁራ፣ ላልታ፣ ወገቧ ጎብጦ ስታያት፣ ስንት ቀን እንደ ቀራት ሕፃን ሊነግርህ ይችላል። እኔን ያታለለችኝ ጀልባ ግን እንደ ሙሽራ ተቀብታ ነበር።

አናጢ አስመጥቼ ሆዷን አስፈተሽሁ። በቢላዋ ጫፍ ቅጥራኑን ፋቅ አድርጎ ጣውላውን ሲነካው ቢላዋው እንደ ቂጣ ገባበት። እንዲህ ያሉ ጣውሎች ሦስት ተገኙ። «ይህ የዘንድሮ ብስባሽ አይደለም» አለኝ። እግረ መንገዴን አሮጌ ጀልባ የሚገዛ ሰው ቢኖር ልምከረው፤ ቀለሙ አዲስ የሆነበትን ቦታ አስቀድመህ በቢላዋ ውጋው፤ የምሰሶውን ሥር ዕይ፤ ምስማሮቹ ዙሪያ ያለውን እንጨት ንካ። እኔ ይህንን የተማርሁት በውድ ዋጋ ነው።

ተናድጄ ወደ ሻጩ ሄድሁ። ሁለት ሽማግሎችም ይዤ ነበር። እሱ ግን አልተቈጣም፤ አልካደምም። «አልዋሸሁም» አለ። «ታፈሳለች ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ የጠየቁኝን መለስሁ። ስለ ጣውላው አልጠየቁኝም። እኔም ስገዛት ማንም አልነገረኝም፤ አንድ ቀን ብቻዬን ሳለሁ ነው የደረስሁበት። ቅጥራን ቀባሁበት።» ይህንን ያለው እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ መከራ ጓደኛ ነው። ብዙ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቃል ጠፋኝ። ያሳፈረኝ የእሱ ንግግር አልነበረም፤ በዚያች ሰዓት አንዲት በቅሎ ትዝ አለችኝ።

ነገሩ በ1957 ዓ.ም. ነው። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረችው፤ ሰጋር፣ መልከ መልካም፣ ጀርባዋ ላይ ገጣባ የሌለባት። አንድ አመል ብቻ ነበራት፤ ውሃ ውስጥ ስትገባ ትተኛለች። ጭነት ይኑር አይኑር አትለይም፤ ከጉልበቷ በላይ የሆነ ውሃ ካገኘች ወገቧን አጥፋ ጋደም ትላለች። እኛ ይህንን ስለምናውቅ ወንዝ ስንደርስ ጭነቱን አራግፈን በሸክም እናሻግር ነበር። በዚያ ዓመት አባቴ እኔን ከተማ ትምህርት ቤት ሊያስገባኝ ፈለገ። የልብስ፣ የደብተርና የምቀመጥበት ቤት ወጪ ነበረና በቅሎይቱን ወደ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወሰዳት። መንገድ ላይ፣ «አንተ ዝም ብለህ ልጓሟን ያዝ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም።

የገዛት ሰው ከጨሞጋ ማዶ የመጣ ትንሽ ነጋዴ ነበር። ጥርሷን ገልጦ አየ፤ ሰኮናዋን አነሣ፤ ወዲያና ወዲህ አስጋራት። ከአባቴ ጋራ በዋጋ ሲከራከር ቆይቶ፣ ድንገት ወደ እኔ ጎንበስ አለና፣ «አንተ ልጄ፣ ልጅ አይዋሽም፤ አመል አለባት ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። አባቴ ወደ እኔ አላየም፤ ወደ ሌላ ወገን ያይ ነበር። እኔም፣ «ሰጋር ናት» አልሁት። ሰውየው ሣቀ፤ ራሴንም ዳሰሰኝ፤ ገንዘቡንም ቈጠረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰውየው ቤታችን ድረስ መጣ። በቅሎይቱን ሁለት ስልቻ ጨው ጭኖ ጨሞጋን ሲሻገር ተኝታበታለች። ጨው ውሃ ውስጥ ምን እንደሚሆን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ባዶውን ስልቻ ይዞ ነበር የመጣው። አባቴ፣ «አይተህ ገዛህ፤ አስጋርተህ ገዛህ፤ እኔ ምን አልሁህ?» አለው። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ከፊሉ ለእሱ፣ ከፊሉ ለአባቴ ፈረደ። ሰውየው በመጨረሻ ከአባቴ ጋራ መከራከሩን ትቶ እኔን ተመለከተኝና፣ «አንተንስ ጠይቄህ ነበር» አለኝ፤ ሄደም። እኔ በዚያ ገንዘብ ተማርሁ፤ መምህር ሆንሁ፤ አሁን የምታነበውን ፊደል የቈጠርሁትም በዚያው ገንዘብ ነው። አባቴ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ እስኪሞት ድረስ በዚያ በጨሞጋ መሻገሪያ ወደ ገበያ መሄድ ተወ፤ የሁለት ሰዓት ዙሪያ መንገድ ይሄድ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ይህ ክርክር እኔና ሻጩ የጀመርነው አይደለም። የሮማው ሰው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት አቴና ለትምህርት ለሄደ ልጁ በጻፈው «ስለ ግዴታዎች» በተባለው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ላይ አንሥቶታል። በሮድስ ደሴት ረኃብ ገብቷል፤ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል በመርከብ ጭኖ ቀድሞ ይደርሳል፤ ከኋላው ሌሎች እህል የጫኑ መርከቦች እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ዲዮጋን የተባለው የባቢሎን ፈላስፋ፣ ሕግ ያዘዘውን ያህል ከተናገረና ካላታለለ በቀር ገንዘቡ ነውና በፈለገው ዋጋ ይሽጥ ይላል። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን፣ ሰው ለሰው ተፈጥሯልና ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢው ማወቅ አለበት ብሎ መምህሩን ይቃወማል። ሲሴሮ የቤት ሽያጭም ይጨምራል። አንድ ሰው በሮማ፣ ባለሥልጣኖች እንዲያፈርሰው ያዘዙትን ቤት ትእዛዙን ደብቆ ሸጠ፤ ዳኛው ማርቆስ ካቶም ሻጩ ዐውቆ ዝም ስላለ ለገዢው ኪሣራውን እንዲከፍል ፈረደ።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢ ያወቀውን ጉድለት ግን ሻጩ እንዲሸከምለት አያደርግም። ስለ ውል በሚናገረው ክፍሉም፣ በሁለቱ ሰዎች መካከል ልዩ መተማመን ሲኖር ዝምታ ራሱ እንደ ማሳሳት ሊቈጠር ይችላል። ሽማግሎቹ «ክሰሰው፤ ትረታለህ» ብለውኝ ነበር። ምናልባት እረታ ነበር። እኔ ግን የምጠይቀው ስለ መርታት አይደለም።

የዲዮጋንን ሐሳብ ያለ አንዳች ክርክር መጣል አይገባም። ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ይናገር ከተባለ፣ ገንዘብ እንደ ቸገረውና በግማሽ ዋጋ እንኳ እንደሚሸጥ ይናገር ሊባል ነውን? አይመስለኝም። ችግሩ የሻጩ ነው፤ የጀልባዋ አይደለም። ገዢ ጀልባ ሲገዛ የሻጩን ጓዳ አይገዛም። ስለ ሮድሱ እህልም ቢሆን ልቤ ወደ አንቲጳጥሮስ ያዘነብላል እንጂ ፍርዴ የጠና አይደለም፤ የተሸጠው እህል ደኅና እህል ነውና፣ ገዢው ባወቀ ኖሮ በርካሽ ይገዛ ነበር እንጂ ባልታመመ ነበር አይባልም። የእኛ ነገር ከዚህ ልዩ ነው። ዓይን የሚያየው ጉድለት አለ፤ ከዕቃው ጋራ የኖረ ሰው ብቻ የሚያውቀው ጉድለት አለ። የሸራውን መጣፍ ያላየሁ እንደ ሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። በቅጥራን ሥር ያለውን ብስባሽና በወንዝ ውስጥ የምትተኛውን በቅሎ ግን በምን ዓይን አያለሁ? እዚያ ላይ «ዓይን አለው፤ ይይ» ማለት በጨለማ የቆመን ሰው እንደ መዘበት ነው።

«አሮጌ ዕቃ ርካሽ የሚሆነው ጉድለት ስላለበት ነው፤ ዋጋው ራሱ ተናግሯል» የሚሉ አሉ። እኔም ለአባቴ ስከራከርለት ብዙ ጊዜ ይህንን ለራሴ ብያለሁ። ግን ዋጋው የሚናገረው ስለ እርጅና ነው፤ ስለ ተሸሸገ ነገር አይናገርም፤ ከተናገረማ ሻጩ ቅጥራን ባልቀባ ነበር። የሚሸሽግ ሰው ነገሩ ቢታወቅ ዋጋው እንደሚወርድ ዐውቆ ነው የሚሸሽገው።

ሰው ሁሉ ውሸትን ይጠላል፤ ስለዚህ ብልኅ ሰው አይዋሽም። «ደረቅ እንጨት ውሃ ይጠጣል» እውነት ነው። «ሰጋር ናት» እውነት ነው። ሁለቱም ግን ለሌላ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው። ከውሸት ይልቅ የከፋ የሚመስለኝም ይህ ነው፤ ውሸታም እውነትን ሲሸሻት እኛ ግን ጠርተን አገለገልንባት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህንን ዘዴ ማን አስተማረው ብትለኝ አላውቅም። ማንም ሳያስተምረኝ ዐወቅሁት።

ያለማወቅ ጉድለት ሌላ ነው። የኖርዌዩ ተጓዥ ቶር ሄየርዳል ከጣና የተቈረጠ ደንገል ወደ ግብፅ አስጭኖ «ራ» የተባለች ጀልባ አሠራ፤ በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969) ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሥቶ አትላንቲክን ሊሻገርባት ሞከረ። የኋላ ክፍሏ እየዘቀጠ ሄዶ ባርባዶስ ሳትደርስ ተዋት። በጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ የኋላ ጫፏን ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ይታይ ነበር፤ ሠሪዎቹ ጥቅሙን ስላልተረዱት አልጨመሩትም ነበር። በዓመቱ በሠራት በሁለተኛይቱ «ራ» ግን በ57 ቀን ባርባዶስ ገባ። ከመጀመሪያይቱ ጋራ የሰጠሙ ሰዎች ቢኖሩ ኖሮ እንኳ ገመዱን የረሳውን ሰው ሌባ የሚለው የለም። ባሕሩ ሁለቱን አይለይም፤ ለተሸሸገም ለተረሳም እኩል ይገባል። የሚለየው የሰው ኅሊና ነው።

ከሻጩ ጋራ በ2,000 ብር ታረቅን፤ የጣውላ መግዣ እንዲሆነኝ መለሰልኝ። አንዳንድ ወዳጆቼ «በቅሎይቱ አሳፍራህ መብትህን ተውህ» ይሉኛል። በከፊል እውነታቸውን ነው። በልጅነቴ የበደልሁ መሆኔ የልጅ ልጄን ሕይወት አደጋ ላይ የጣለን ሰው ነፃ አያወጣውም። ይሁንና እኔ ልጓም ይዤ በቆምሁበት ቦታ ላይ የቆመን ሰው፣ ከላይ ወደ ታች እያየሁ ልፈርድበት ድምፅ አላገኘሁም።

በ2011 ዓ.ም. ዐይኔ እየደከመ ስለ ሄደ ጀልባዋን ልሸጥ አሰብሁ። ሁለቱን ጣውሎች አስለውጬ ነበር፤ ሦስተኛው ከታችኛው ወፍራም እንጨት ጋራ የተጣበቀ ስለ ሆነ አናጢው ሊያወጣው አልቻለም፤ ጠግኖት ብቻ ተወው። አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ መጣ። ቅጥራን አልቀባኋትም ነበር። ሳይጠይቀኝ ሁሉንም ነገርሁት፤ የተጠገነውን ቦታ በጣቴ አሳየሁት፤ ሸራ አትስቀልባት፤ በመቅዘፊያ ብቻ ሂድ አልሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «አባቴ፣ ይህንን ያህል ከነገሩኝ ያልነገሩኝ ስንት ነው?» አለኝ። ከዚያ የበለጠ የለም ብዬ ብምልለትም አላመነኝም። በዚያው ሳምንት ከሌላ ሰው ቀለሟ ያማረ ጀልባ በውድ ዋጋ ገዛ። ስለዚያችኛይቱ ጀልባ ምንም አላውቅም፤ ደኅና ትሆናለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔይቱ በልጄ ግቢ ውስጥ ተገልብጣ ተቀምጣለች። ባለፈው ስሄድ ዶሮዎቹ ከሥሯ እንቁላል ጥለው አገኘሁ።